የትርንጎ አጥርና ያልተነፋው ጥሩምባ

እኔ አፍ አለኝ፣ እናንተ ጆሮ አምጡ። ጆሮ ብቻ ይዞ የመጣ ግን ይመለስ፤ ይህ ተረት ሆድም ይፈልጋል።

አውሮፕላን ሊያርፍ ሲወርድ የጣሪያው ቆርቆሮ በሚንቀጠቀጥበት ሰፈር፣ ከቦሌ ሚካኤል ጀርባ፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ልጅ ስላችሁ ሠላሳን አልፋለች፤ ሰፈራችን ያላገባችን ሁሉ ልጅ ይላል፣ ምን ታደርጉታላችሁ። በጋሽ ገሰሰ ፎቶ ቤት ተቀጥራ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ታነሣለች። «ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮህን አውጣ» ስትል ትውላለች። እሑድ ሲሆን ግን ሰው ይቅርብኝ ትልና ከጎረቤቷ ከኅሩይ ጋር ጣሪያ ላይ ወጥታ አውሮፕላን ታነሣለች። «ጓደኞቿ ባል ያነሣሉ፣ ይቺ የአውሮፕላን ጭራ ታነሣለች» ይሏት ነበር የሰፈሩ ሴቶች። ወሬኛ መቼ ጠፍቶ!

ኅሩይ ለእንጀራ ብሎ ዓረብ አገር ሄደ፤ ሾፌር ሆነ። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ደወለ፦

«ትርንጎ፣ እንደኛ ያበዱ ተገኙ! በየዓመቱ ከየአገሩ ይሰበሰባሉ አሉ። ባሕር የሚነካት አንዲት ከተማ አለች፤ የአውሮፕላን ማረፊያዋ አጥር ሥር ካሜራቸውን ይዘው ይቆማሉ። አውሮፕላኑ በአናታቸው ላይ ይወርዳል። ምን ታነሣላችሁ ብሎ የሚቆጣ የለም። ሁለታችንንም አስመዝግቤያለሁ። አንቺ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፤ አጥሩ ሥር እንገናኝ።»

«አጥሩ ሥር እንገናኝ» አለች ትርንጎ።

ከዚያ ወዲያ ኅሩይ አልደወለም። መኪናው በረሃ ላይ ተገለበጠ፤ እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ወሬው መጀመሪያ ለዕድሩ ዳኛ ደረሰ፣ ከዳኛው ለሰፈሩ ሁሉ። እናቱ እማማ ዘነበወርቅ ብቻ አልሰሙም። መርዶ እንደ ገበያ ወሬ አይነገርማ! ወግ አለው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስ ቆሞ ነው። እስከዚያው «ኔትወርክ የለም» ተባሉ። ምስኪን ኔትወርክ፣ የስንቱን ኃጢአት ተሸከመ!

ትርንጎም አላለቀሰችም። እናት ከግድግዳው ማዶ ተኝተው ማን ያለቅሳል? እንባዋን ዋጠችና አንዲት ነገር ብቻ ተመኘች፦ አጥሩ ሥር መቆም። ቃል ነዋ።

ትርንጎ ተነሣች፤ ወደዚያች አገር ኤምባሲ ሄደች።

«ቪዛ ስጡኝ። ቪዛ ካልሰጣችሁኝ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ቀና ብላም አላየቻት። «አውሮፕላን ለማንሣት ነው ይህን ያህል መንገድ? እዚህ አውሮፕላን የለም?»

«አለ እመቤቴ። እሱን ሲያነሡ ግን ፖሊስ አንሺውን ያነሣዋል።»

«ከመሥሪያ ቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤ አምጪ። ያለ ደብዳቤ አልሰጥም።»

ትርንጎ ተነሣች፤ ወደ ጋሽ ገሰሰ ሄደች።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ። አንተ ካልጻፍክ ኤምባሲው አይሰጥም፤ ኤምባሲው ካልሰጠ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

ጋሽ ገሰሰ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «መጻፉስ ይጻፋል። ካሜራው ጋ ማን ይቆማል? እኔ እንደሆን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያነሣሁት ሰው ሁሉ መንታ ሆኖ ይወጣል። ደብሪቱን አምጪልኝ፣ ከአንቺ በፊት እዚህ ሠርታለች። ያለ ምትክ አልጽፍም።»

ትርንጎ ተነሣች፤ ወደ ደብሪቱ ሄደች። ደብሪቱ የኅሩይ እህት ናት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ከዚያ ክፉ ወሬ ወዲህ በዚያ ቤት ሽንኩርት ሲላጥ ይውላል፤ ወጥ ግን አይሠራም። የገባው ገብቶታል።

«ደብሪቱ እህቴ፣ ነይ ተኪኝ። አንቺ ካልመጣሽ ጋሽ ገሰሰ አይጽፍም፤ ጋሽ ገሰሰ ካልጻፈ ኤምባሲው አይሰጥም፤ ኤምባሲው ካልሰጠ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

ደብሪቱ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «እንዴት ልምጣ? እናቴ እህል አልቀምስም ብላለች። ከአልጋ ልትወርድ ስትል ወደቀች እኮ! ደግፌ ያነሣኋት እኔ ነኝ። እሷ ሳትበላ ከዚህ ደጅ አልወጣም።»

ትርንጎ ገባች፤ እማማ ዘነበወርቅ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች። እማማ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው እንደ ጫጩት ታቅፈውታል።

«እማማ፣ እህል ይቅመሱ። እርስዎ ካልበሉ ደብሪቱ አትወጣም፤ ደብሪቱ ካልወጣች ጋሽ ገሰሰ አይጽፍም፤ ጋሽ ገሰሰ ካልጻፈ ኤምባሲው አይሰጥም፤ ኤምባሲው ካልሰጠ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

«የኔ ልጅ» አሉ እማማ፣ «ኅሩይ ድምፁን ሳያሰማኝ እህል በዚህ ጉሮሮ አይወርድም። ለምኚ ካልሽ ይህን ዲዳ ስልክ ለምኚው።»

ትርንጎ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ በሹክሹክታ ለመነችው።

«ስልክ ሆይ፣ እባክህ ጩኽ። አንተ ካልጮህክ እማማ አይበሉም፤ እማማ ካልበሉ ደብሪቱ አትወጣም፤ ደብሪቱ ካልወጣች ጋሽ ገሰሰ አይጽፍም፤ ጋሽ ገሰሰ ካልጻፈ ኤምባሲው አይሰጥም፤ ኤምባሲው ካልሰጠ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

ስልኩም አላት፦ «ደዋይ ሳይኖር በምን አፌ ልጩህ? ደዋዬ አሸዋ ውስጥ ተኝቷል። ቁርጡን ንገሯቸውና እኔንም አሳርፉኝ። ቁርጥ የሚያወጣው የዕድሩ ጥሩምባ ነው። እሱ ሳይጮህ እኔ አላርፍም።»

ትርንጎ ተነሣች፤ ወደ ጥሩምባ ነፊው ወደ ባሻ ቦጋለ ሄደች።

«ባሻ፣ ይንፉልኝ። ጥሩምባው ካልጮኸ ስልኩ አያርፍም፤ ስልኩ ካላረፈ እማማ አይበሉም፤ እማማ ካልበሉ ደብሪቱ አትወጣም፤ ደብሪቱ ካልወጣች ጋሽ ገሰሰ አይጽፍም፤ ጋሽ ገሰሰ ካልጻፈ ኤምባሲው አይሰጥም፤ ኤምባሲው ካልሰጠ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

«ዳኛው ሳያዙ?» ባሻ ቦጋለ ጥሩምባውን ከጀርባቸው ደበቁት። «አንዴ ሳልታዘዝ ነፍቼ ሟች ያልኩት ሰውዬ ራሱ ድንኳን ሊተክል መጣ! እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። ዳኛው ካላዘዙ አልነፋም።»

ትርንጎ ተነሣች፤ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ድልነሳው ሄደች።

«ጋሽ ድልነሳው፣ ይዘዙልኝ። እርስዎ ካላዘዙ ጥሩምባው አይጮህም፤ ጥሩምባው ካልጮኸ ስልኩ አያርፍም፤ ስልኩ ካላረፈ እማማ አይበሉም፤ እማማ ካልበሉ ደብሪቱ አትወጣም፤ ደብሪቱ ካልወጣች ጋሽ ገሰሰ አይጽፍም፤ ጋሽ ገሰሰ ካልጻፈ ኤምባሲው አይሰጥም፤ ኤምባሲው ካልሰጠ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጉሮሮ መጥረግ ይወዳሉ። «አየሽ ልጄ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወይዘሮ ዘነበወርቅ የነፍስ አባት አባ ላእከማርያም አሉ። መርዶውን የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው እሺ ሳይሉ እኔ አላዝም።»

ትርንጎ ተነሣች፤ ወደ አባ ላእከማርያም ሄደች። መስቀል ተሳለመች፤ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ልጅቷ ደክሟታል፤ የስብሰባው ቀንም እየቀረበ ነው፤ አውሮፕላን እንደሆን ለማንም አይቆም።

«አባቴ፣ እሺ ይበሉ። እርስዎ ካልተናገሩ ዳኛው አያዙም፤ ዳኛው ካላዘዙ ጥሩምባው አይጮህም፤ ጥሩምባው ካልጮኸ ስልኩ አያርፍም፤ ስልኩ ካላረፈ እማማ አይበሉም፤ እማማ ካልበሉ ደብሪቱ አትወጣም፤ ደብሪቱ ካልወጣች ጋሽ ገሰሰ አይጽፍም፤ ጋሽ ገሰሰ ካልጻፈ ኤምባሲው አይሰጥም፤ ኤምባሲው ካልሰጠ አጥሩ ሥር አልቆምም።»

«እናገራለሁ ልጄ፣ ለምን አልናገርም» አሉ አባ። «ግን በባዶ ሆዷ መርዶ ቢመታት ደርባ ትሞታለች። መጀመሪያ እህል ትቅመስ፤ ትበርታ። እሷ ሳትበላ አልናገርም።»

«አባቴ፣ ልጃቸው ሳይደውል አይበሉም እኮ።»

«እንግዲህ እስኪደውል…» አሉና አባ ቀጥ አሉ። መስቀላቸውን አገላበጡ።

አያችሁልኝ? ዳኛው ቄሱን ይጠብቃሉ፣ ቄሱ እናትን ይጠብቃሉ፣ እናት ሙት ይጠብቃሉ። ሁሉም ደግ፣ ሁሉም አዛኝ፤ በደግነታቸው ሴትዮዋን በረሃብ ሊገድሏት ነው!

ትርንጎ ሌላ የምትሄድበት ደጅ አልነበራትም። ተመልሳ ወደ እማማ ገባች።

«ዛሬም ስለ እህል ልትለምኚኝ ነው?» አሉ እማማ። ፊታቸው መንምኗል፤ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። «እሺ፣ እበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ባሕር ማዶ አጥር ሥር ልንገናኝ ነው ብሎኝ ነበር፣ አንቺና እሱ። ስትደርሺ ያገኝሻል?»

«አዎ» ብትል እማማ ይበላሉ። አንዲት ቃል ናት። እማማ ከበሉ ደብሪቱ ትወጣለች፤ ደብሪቱ ከወጣች ጋሽ ገሰሰ ይጽፋል፤ ጋሽ ገሰሰ ከጻፈ ኤምባሲው ይሰጣል፤ ኤምባሲው ከሰጠ ትርንጎ አጥሩ ሥር ትቆማለች። አፏ ግን አልዋሽም አለ። እውነቱን ተናገር ስትለው ደግሞ እሱንም አልናገርም አለ። ለካ ከቄሱም ከዳኛውም ይልቅ የጠነከረው የራሷ አፍ ኖሯል! እሷ ቪዛ ስትል፣ ደብዳቤ ስትል፣ ምትክ ስትል፣ ኅሩይም ከወዲያ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ይመስላት ነበር። ከአፏ ከወጣ ግን በቃ፣ ሞተ።

«ያገኝሻል ወይ ልጄ?» አሉ እማማ እንደገና።

«አያገኘኝም፣ እማማ።»

«ለምን?»

«የለም።»

ከዚያ እማማ ዘነበወርቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉና ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት እንኳን ሰው ቆርቆሮም ይሰማዋል። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ተበጠሰ! እናት ሲጮኹ ባሻ ቦጋለ ሳይታዘዙ ጥሩምባቸውን ነፉ። ጥሩምባው ሲጮህ ዳኛው ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው መጡ። ዳኛው ሲመጡ አባ አንገታቸውን ደፍተው ደረሱ፤ በሰው አገር መቀበሩንም ለእናት ነገሩ።

«ማን ፈቀደልሽ አንቺ?» አሉ ዳኛው ትርንጎን። «ወግ የለም? ሥርዓት የለም?»

እማማ ናቸው የመለሱላቸው። «ተዉአት! ልጄ ሁለቴ ነው የተቀበረብኝ። አንዴ ባዕዱ በአፈር፣ አንዴ እናንተ በዝምታችሁ። ያወጣችልኝ እሷ ናት።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ለመጥረግ ሞከሩ፤ አልጠረግ አላቸው።

ድንኳን ተተከለ። ደብሪቱ ያለ ሽንኩርት አለቀሰች። ጎረቤት ከየቤቱ ምግብ ይዞ መጣ፤ ሐዘንተኛን በግድም ቢሆን ያጎርሱታል። አባ ላእከማርያም በገዛ እጃቸው አጎረሷቸው፤ እማማም ዋጡ። ስልኩን ከመሐረቡ ፈትተው ለደብሪቱ ሰጧት፤ ስልኩም አረፈ። ትርንጎ ውሃ ስትቀዳ፣ ወንበር ስታመላልስ ሰነበተች። እንባዋ ግን አልመጣም። አንዳንዱ እንባ ሲታፈን ይቆይና መውጫውን ይረሳል።

ድንኳኑ ተነቀለ። እማማ በሉና ደብሪቱ ወጣች፤ ደብሪቱ ወጣችና ጋሽ ገሰሰ ጻፈ፤ ጋሽ ገሰሰ ጻፈና ኤምባሲው ሰጠ።

ልትሄድ ስትሰናበት እማማ አገጯን ያዟት። «እኔ ጠግቤ አለቀስኩ። አንቺ ግን አላለቀስሽም፤ አይቼሻለሁ። ሂጂ።»

ትርንጎ ሄደች። ባሕሩን ተሻገረች፤ ከተማዋን አገኘች፤ አጥሩን አገኘች። ከየአገሩ የመጣው ሁሉ ካሜራውን አንግቶ ተሰልፏል። ስብሰባውን የሚያስተናግደው ሽማግሌ ስሟን ጠይቆ ፈገግ አለና፣ «ሁለት ነበራችሁ፤ ጓደኛሽስ?» አላት።

«ሞቷል» አለች። በሰው አገር ቋንቋ፣ በሰው አገር ሜዳ፣ አፏ አልተሳሰረም።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ጊዜ ትልቁ አውሮፕላን ከባሕሩ በኩል መጣ። ወረደ፤ ጥላው ሸፈናቸው፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ካሜራውን አነሣ። ትርንጎ አላነሣችም። አጥሩን በሁለት እጇ ያዘችና «ኅሩዬ! ኅሩዬ! ወንድሜ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ የቆመች አንዲት ፈረንጅ ሴት ትርንጎ በደስታ የጮኸች መሰላት፤ ክንዷን ያዝ አደረገቻትና እሷም አብራት ጮኸች። ምንም ሳታውቅ፣ በሙሉ ድምፅዋ። ትርንጎም አላስቆመቻትም። ለቅሶ ብቻን አይለቀስምና።

ተረቴ እዚህ አረፈ። የቀረው በየሆዳችሁ።