መሳቢያ ውስጥ የከረመው ፖስታ

አንድ ሰው ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ታሪኩን ስትሰሙ "ይሄስ ጨካኝ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም" ብላችሁ እንዳታመልጡኝ ነው።

የጥናት መጽሔት አንድ ጽሑፍ ከማተሙ በፊት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? አዘጋጁ የጸሐፊውን ስም ከላዩ ያጠፋና ሙያውን ለሚያውቁ ሦስት ሰዎች ይልካል። እነሱ አንብበው "ይታተም" ወይም "አይታተም" ይላሉ። ገምጋሚው ጽሑፉ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ጸሐፊውም ማን እንደገመገመው አይነገረውም። ማንም ለማንም እንዳያደላ ነው። ደግ ሥርዓት ነው።

ለዚህ ሰው አንድ ቀን እንዲህ ያለ ፖስታ መጣለት። ላዩ ላይ መልሱ በሦስት ሳምንት ይላክ ይላል። ፈርሞ ተቀበለና ሳይከፍተው መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የሚያርመው ፈተና ነበረው፤ ስብሰባ ነበረበት። ሥራ በዝቶበት ነበር፤ እንደ እናንተ፣ እንደ እኔ። ፖስታው እዚያው አምስት ወር ተቀመጠ።

ይህ ሰው ላምቤቦ የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረው፤ የሃያ ዓመት ወዳጁ። ላምቤቦ በጉበት ሕመም አልጋ ይዟል። ሐኪሞቹም ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ብለው ወደ ቤቱ መልሰውታል። ወዳጁ ግን አንድም እሁድ አልቀረበትም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በቀጥታ እሱ ዘንድ ሄዶ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

ላምቤቦ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። እንሰት የሚያጠወልገውን በሽታ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያጠና ኖሮ ጽሑፉን ለመጽሔት ልኳል።

"ሳልሞት ታትሞ በእጄ ብይዘው" ይላል። "ጓሮዋን ለሙከራ የሰጠችኝ ባልቴት አለች። እንሰቷን ነቅዬ ስጥል አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ለእሷ ሳላሳያት መሄድ አልፈልግም።"

"እስካሁን አልመለሱልህም?"

"ሁለቱ መልሰዋል አሉ። አንዱ ነው የቀረው። እንጃ፣ ጠንቃቃ ሰው ይሆናል። በደንብ እያየው ነው።"

"ኧረ ተወኝ፣ እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም" አለ ወዳጁ፤ ከልቡ ተናዶ። ከዚያ እጁን ይዞ ጸለየለት። "ጌታ ሆይ፣ የዚያን ሰው ልብ አነሳሳ" አለ። በየእሁዱ ያንኑ ጸለየ። "የትኛው መጽሔት ነው?" ብሎ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ላምቤቦ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዐረፈ።

ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ከመጽሔቱ ማስታወሻ መጣ፤ አሁንም መልስዎን እየጠበቅን ነው ይላል። ሰውየው መሳቢያውን ስቦ ፖስታውን ቀደደው። ስም የለበትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ሙከራው የተካሄደው በአንዲት ባልቴት ጓሮ ነው ተብሎ ተጽፏል። እዚያ ሲደርስ ማንበብ አቃተው።

ወገኖቼ፣ ሲጸልይ የከረመው ለማን ነበር? ጌታ የማንን ልብ እንዲያነሳሳ ነበር የሚለምነው?

ግምገማውን ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በቂ ሆነ። ጽሑፉ ታተመ። ቅጂውን ይዞ ለሟች ባለቤት ለዘነበች ሊሰጥ ሄደ። ተቀበለችውና ሽፋኑን በመዳፏ ጠራረገችው፤ አቧራ አልነበረበትም።

"ለመሆኑ ያ ሦስተኛው ሰው ማን እንደነበረ ታወቀ?" አለችው።

ሥርዓቱ ስሙን ይሸፍንለታል። ዝም ቢል እስኪሞት ድረስ የሚያውቅበት የለም።

"እኔ ነኝ" አላት። "ሳልከፍተው ነው የቆየሁት።"

ዘነበች ቀና ብላ አየችው። "በየእሁዱ እዚህ ወንበር ላይ እየተቀመጡ?" አለች።

እናንተስ? ዛሬ ጠዋት "ጌታ ሆይ፣ እገሌን አስበው" ብላችሁ የጸለያችሁለት ሰው፣ የሚጠብቀው ነገር ያለው ማን እጅ ነው? እርቅ የሚጠብቅ ወንድም አላችሁ? አንዲት ፊርማችሁን የሚጠብቅ ሠራተኛ? ስትጸልዩለት ደስ ይላችኋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን መሳቢያችሁን መቼ ነው የከፈታችሁት?

በእናንተ ብቻ እየፈረድኩ አይደለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዲት እናት ከፋሲካ በፊት "ልጄ ከቤት መውጣት ትቷል፣ እባክህ አናግርልኝ" ብላኝ ነበር። ስሙን በየሳምንቱ በጸሎት እጠራለሁ፤ ዛሬም ጠርቼዋለሁ። ስልክ ግን አንድ ጊዜ አልደወልኩለትም።

ስለዚህ ይቅር በሉኝና የመዝጊያው ጸሎት ዛሬ አጭር ይሆናል። የምሄድበት ቤት አለኝ።