ከጎታው ማን ወሰደ?

አንድ ደባሱ የሚባል ገበሬ ነበር። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ቦራ ለሚባለው በሬው የሚናገረው ለሚስቱ ከሚናገረው ይበዛል ይሉታል። ሚስቱ ጠጅቱ ትባላለች። አንድ ፍሬ እህል መሬት ወድቆ ብታይ ጎንበስ ብላ የምታነሳ፣ ከወንፊት የቀረውን እንኳ የማትጥል ባለሙያ ናት። ሁለቱም ቆጣቢ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው «ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ የነዚህን ደጅ አልፎ ነው የሚሄደው» ይሏቸው ነበር።

በዚያ አገር አንድ የቆየ ልማድ አለ። ባል አርሶ፣ አጭዶና ወቅቶ እህሉን ጓዳ ከቆመው ጎታ ይገለብጣል። የጎታው ክዳን ከተገጠመ በኋላ ግን ጎታው የሚስት ነው። ባል ከፍቶ አያይም፤ ምን ያህል ቀረ ብሎም አይጠይቅም። ጎታ የሚያይ ባል ድስት ከሚልስ ባል እኩል ይሳቅበታል። ሚስትም በፊናዋ ባሏ ገበያ ወርዶ ስለሸጠውና ስለለወጠው አትጠይቅም። ልማዱ መከባበር ይባላል።

አንድ ቀን ጠጅቱ ባሏ የሞተባትን ጎረቤታቸውን ወርቂትን አንድ ቁና ገብስ ስታበድር ደባሱ አየ። ልቡ ደነገጠ። «በጥጋቡ ጊዜ እጇ እንዲህ የተፈታ፣ ሰኔ ሲገባ ምን ልታበላኝ ነው?» አለ በሆዱ። ቢጠይቃት ኖሮ ወርቂት የተበደረችውን ሁልጊዜ ሞልታ እንደምትመልስ በነገረችው ነበር። አልጠየቀም። ከበረቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውስጡን በጭድ ለበጠው። ጠጅቱ ምንጭ በወረደችበት ሰዓት ጓዳ ገባና የጎታውን ክዳን ከፈተ። አንድ ቁና ገብስ ሰፍሮ ወስዶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፤ በላዩም ድንጋይ ገጥሞ አፈር መለሰበት።

«ይህ የክፉ ቀን ነው» አለ። ሌባ የሆነ አልመሰለውም። ቤቱን የጠበቀ መሰለው።

በሌላ ቀንም እንዲሁ አደረገ፤ ከዚያም ለመደው። እህሉ የት ድረስ እንዳለ በክንዱ ይለካ ነበር። መጀመሪያ እጁን ሲሰድ እህሉ ከእጁ አንጓ ላይ ነበር። ቀጥሎ ክንዱ አጋማሽ ድረስ ገብቶ አገኘው። ከዚያ በኋላ ክንዱን እስከ ብብቱ ቢሰድ ጣቱ ብቻ ነካው። ደባሱ ግራ ገባው። የሚበሉት ጥቂት ነው፤ እሱም የሚወስደው አንዳንድ ቁና ነው። ታዲያ እህሉ ወዴት ሄደ?

ጎታውን ዙሪያውን ዳበሰው፤ የተሰነጠቀ የለም። ከሥሩ ተንበርክኮ አየ፤ የፈሰሰ የለም። ጠጅቱን እንዳይጠይቃት ክዳኑን እንደከፈተ ያሳውቅበታል። ዝም እንዳይል እህሉ እያለቀ ነው። ሲያርስም፣ ሲበላም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞም ይህንኑ ያወጣል ያወርዳል። አንድ ቀን ቦራን «አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ቦራ ጭራውን ወዘወዘ።

በዚያው ሰሞን የሚቀርብለት ገንፎ ማነስ ጀመረ።

«ገንፎው አነሰ» አላት አንድ ቀን።

«ዘመኑ አንሶ ነው» አለችው።

«ዘመኑን ማን በላው?»

«እኔም እሱን እያሰብሁ ነው» አለችና ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ደባሱ አቀርቅሮ ጣቱን ላሰ።

በማግስቱ ጠጅቱ ከእናቷ ቤት ድመት ይዛ መጣች። «አይጥ አለ» አለችው። ደባሱ እፎይ አለ። ድመቷ ግን ምድጃው ሥር ተኝታ ትውላለች እንጂ አንዲት አይጥ ይዛ አልታየችም። እህሉም መጉደሉን አልተወም። አሁን ደባሱ ያለ ጥርጥር ሌባ አለ ብሎ ቆረጠ። «ሌባው ሳይጨርሰው የቻልሁትን ላድን» ብሎ በአንድ ቁና ፈንታ ሁለት ሁለት ያወጣ ጀመር። ባዳነ ቁጥር ግን ጎታው ይብስ እየፈጠነ ጎደለ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶም ሰምቶም አያውቅም።

የሰኔ ዝናብ በጣለ ማግስት ጠጅቱ የጎታውን ክዳን በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች።

«ባዶ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ጎታው ነዋ! የዘሩም አልቀረ።» ወደ ደጅ ወጣችና ጮኸች። «ኧረ ተሰረቅሁ! ኧረ የመንደር ያለህ!»

ሰው ከያለበት መጣ። ደባሱ ጉድጓዱ ትዝ አለው። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። «የእኔ ጥቂት ነው፤ ብዙውን የወሰደ ሌላ ነው። አሁን ብናገር የሌባውም ኃጢአት በእኔ ላይ ይለጠፋል» ብሎ አሰበ። ስለዚህ ለሰዉ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ለዘር ቦራን እሸጣለሁ» አለ።

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ቦራን ከጥጃነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገው ነው። በሬ የሸጠ ገበሬ ደግሞ ዘር ቢያገኝስ በምን ያርሳል? በቀረው በአንድ በሬ አይታረስ። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

የመንደሩ ሽማግሌ አባ ይርጋ «በሬ ከመሸጡ በፊት ሌባው ይፈለግ» አሉ። እንደ አገሩ ሥርዓትም አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ሲባል የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ሥራውን ትቶ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። መሬቱ ረጥቦ እርሻ እየጠበቀ ነበርና ሰዉ እያጉረመረመ ከሾላው ሥር ተሰበሰበ። አባ ይርጋ የጎታውን ክዳን አስመጥተው መሐል አስቀመጡት።

«እጃችሁን እዚህ ላይ እያኖራችሁ ‹ከዚህ ጎታ በእጄ አልወሰድሁም፤ የወሰደም አላየሁም› በሉ» አሉ።

ካሳው የሚባል ተረበኛ መጀመሪያ ተነሳ። «እኔ እንኳን የደባሱን የራሴንም ጎታ ከፍቼ አላውቅ፤ ብከፍት ሚስቴ ጣቴን ትቆርጠዋለች!» ሰዉ ሳቀ። እሱም ማለና ተቀመጠ። ሌላውም ሌላውም ማለ። ተራው የወርቂት ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ።

«ጎታቸውን የምታውቅ እሷ ናት» አለ አንዱ ከኋላ።

«ችግረኛ ናት፤ ምን ታድርግ» አለች ሌላይቱ።

ወርቂት ክዳኑ ላይ እጇን አኖረች። «የተበደርሁትን መልሻለሁ፤ ጠጅቱ ትናገር። ከዚህ ጎታ በእጄ አልወሰድሁም። ድሃ መሆኔን ግን አልክድም» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ተቀመጠች። መሐላዋን ያመነላት ግን አልነበረም። ደባሱ ፊቱን ከእሷ አዞረ።

ሁሉም ምሎ አለቀ። ፀሐይ ዘቀዘቀች። አባ ይርጋ ዞር ብለው ደባሱን አዩት።

«ባለቤቶቹስ?»

«እኔ እኮ የተሰረቅሁት ነኝ፣ አባ!»

«የተሰረቀ ሰው መማል ምን ያስፈራዋል፣ ልጄ?»

ደባሱ ተነሳ። እጁን ክዳኑ ላይ አኖረ። ስንት ጊዜ የከፈተው ክዳን ነው፤ አሁን እንደ ፍም አቃጠለው። «ከዚህ ጎታ...» ብሎ ጀመረና ምላሱ ተያዘ። ወርቂትን አየ። ከዚያም ጠጅቱ ትጮህብኛለች ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ጠጅቱ ግን መሬት መሬት ታያለች።

«ወስጃለሁ» አለ ደባሱ። «ለክፉ ቀን ብዬ ነው። ከበረቱ ጀርባ ቀብሬዋለሁ። ግን ሁሉንም አይደለም! የቀረውን የወሰደ አለ!»

ሰዉ አጉተመተመ። ያን ጊዜ ጠጅቱ ተነስታ መጣችና እጇን ከእጁ ጎን አኖረች።

«የቀረውን የወሰድሁት እኔ ነኝ» አለች። «አምና ሳትነግረኝ ለወንድምህ ተዝካር ከአውድማ ሁለት ስልቻ ሸጥህ። ዘንድሮ ደግሞ ከጎታውም አውጥተህ እንዳትሸጥ ብዬ ክዳኑ በተገጠመ በሳምንቱ ጀመርሁ። እርሻ ስትወርድ በእንስራ እያደረግሁ ጭድ ክምሩ ውስጥ ደበቅሁት። ከወሰድሁት ይበልጥ ሲጎድል አይጥ መሰለኝ። ድመቷ አይጥ ስታጣ ሌባ ነው አልሁ። ሌባው ሳይጨርሰው ላድን ብዬም አበዛሁት።»

ደባሱ የሰማው የሚስቱን ድምፅ ነው፤ ነገሩ ግን የራሱ የሆድ ነገር ነበር።

«እግዚኦ!» አለ ካሳው። «ቀኑን ሙሉ ያዋላችሁን ለሁለት ሌባ ነው?»

አባ ይርጋ «ቆዩ፤ እህሉን እንየው» ብለው ተነሱ። ሰዉም ተከተለ። ጉድጓዱ ተቆፈረ። የሰኔው ዝናብ ገብቶበት ከላይ ያለው ገብስ በቅሎ ነጭ ሥር አውጥቷል፤ ከሥር ያለው ሻግቶ ይሸታል። መሐል ላይ ብቻ ደህና ተገኘ። የጠጅቱም እንስራዎች ከጭዱ ወጡ። ነቀዝ ገብቶ ግማሹን ዱቄት አድርጎታል። የሁለቱ ተለቅሞ አንድ ላይ ሲፈስ ለግማሽ ማሳ ዘር ብቻ ሆነ።

አባ ይርጋ ከዱቄቱ በእፍኛቸው ዘግነው ለባልና ሚስቱ አሳዩአቸው።

«ሌባ እንኳ የሰረቀውን ይበላል» አሉ። «እናንተ የሰረቃችሁትን ግን ማን በላው?»

እሳቸውም ፍርዳቸውን ሰጡ። «ደባሱ ቦራን አትሸጥም። ያለችህን ዘር ዝራ። ከዚያ አስቀድመህ ግን የወርቂትን ማሳ ቦራን ከጓደኛው ጠምደህ አርሰህ ትሰጣታለህ፤ ዛሬ ስሟን አጉድፋችኋልና። ጠጅቱ፣ አንቺም አርመሽ ትሰጫታለሽ።»

ሁለቱም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደባሱ መንገድ ላይ ቆም አለ። አሁንም ነገሩ አልገባውም ነበር።

«ጠጅቱ» አላት። «አንድ ሰው ቢቆጥብ ቤት ይሞላል። ሁለት ሰው ቆጥቦ እንዴት ቤት ይራባል?»

«አንተ ከእኔ ነው የቆጠብኸው፤ እኔም ካንተ» አለችው። «ለቤቱ ማን ቆጠበ?»

በዚያ ዓመት ከደባሱ ማሳ ግማሹ ገብስ አበቀለ፤ ግማሹ አረም። አላፊ አግዳሚው አረም የበቀለበትን ወገን «የአውጫጭኝ ማሳ» እያለ ይሳለቅበት ነበር። ደባሱ ስድቡን ዋጠው። ልክ ነበሩና።

መኸር ደርሶ ያው ግማሽ ምርት ጎታ ሲገባ ደባሱ ገልብጦ አልወጣም። ጎታው አጠገብ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስከ ሰኔ ይበቃል?»

ጠጅቱ ሳቀች። «ወንድ ጎታ አያይም ይባላል እኮ።»

«ያላየ ወንድ ምን እንደሚሆን አየሁ» አላት።

እሷም እጁን ይዛ እህሉ ውስጥ ከተተችው። «እስከዚህ የምንበላው ነው። ከዚህ በታች ያለው ዘር ነው፤ አይነካም። ለወርቂት ስሰጥ እነግርሃለሁ። አንተም ስትሸጥ ንገረኝ።» እሱም «እነግርሻለሁ» አለ። ይህን ያህል ነበር ንግግራቸው። ክዳኑንም ሁለቱ አንድ ላይ ገጠሙት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክዳኑን አብረው ይከፍቱት ነበር። ካሳው ይህን ሰምቶ ለጊዜው በጣም ሳቀ። በሌላው ዓመት ግን የእሱም ሚስት ጎታውን እንዳሳየችው ተሰማ፤ ጣቱም አልተቆረጠም።

ባልና ሚስት በየፊናቸው ቢቆጥቡ አንዱ የሌላው ሌባ ይሆናል። የተደበቀ ቁጠባ ነቀዝና ሻጋታ ይቀልባል። ቤት የሚሞላው ያለውን ሁለቱም አይተው፣ የሚበላውንና የማይነካውን ተነጋግረው ሲለዩ ነው። የማያነጋግር መከባበር ጎታ ያራግፋል፤ ጎረቤትንም ሌባ ያስብላል።

እስኪ እናንተም ቤታችሁን አስቡት። ከጎታችሁ የሚጎድል ነገር ካለ፣ አውጫጭኝ ከመጥራታችሁ በፊት፣ እጃችሁን ክዳኑ ላይ አኑራችሁ መማል ትችላላችሁ?