ተደፍቶ የሚተኛው ይመኑና እምቢ ያለችው ማስክ

እንቅልፍ የመጣበት ሰው ካለ እዚያው ባለበት ይተኛ፤ ቅር አይለኝም፤ የማወራው ስለ እንቅልፍ ነው። ያልመጣበት ደግሞ ቀረብ ብሎ ያድምጠኝ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ይመኑ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በረዳትነቱ ዘመን የሚተኛው ከጭነት አናት ላይ ነው፤ ተንከባሎ እንዳይወድቅ በደረቱ ተደፍቶ፣ የሸራውን ገመድ በሁለት እጁ ጨብጦ። ጡረታ ወጥቶ እንደ ሰው አልጋ ላይ ማደር ሲጀምርም ተደፍቶ መተኛቱን አልተወም። ገመዱ የለም እንጂ እጁ አሁንም ይጨብጣል።

ይህ ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ይቆማል። ቆሞ ቆሞ፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው አንዴ ይስብና ይቀጥላል። ታላቅ ወንድሙ አራጋውም እንዲሁ ሲያንኮራፋ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከተኛበት ሳይነሳ ቀርቷል። ስለዚህ ሐኪሙ፣ «ጋሽ ይመኑ፣ በዚሁ ከቀጠሉ ልብዎ አይችለውም» ብሎ አየር የሚነፋ ማሽን ከነቱቦውና ከነማስኩ አዘዘለት። ይመኑ የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ማስኩን አድርጎ፣ እንደለመደው ተደፍቶ፣ አንዲት ሌሊት በሰላም መተኛት።

የመጀመሪያው ማስክ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ትልቅ ነበር። ትራሱ በነካው ቁጥር እየተጣመመ አየሩን ዓይኑ ውስጥ ነፋበት። ነርሷ ሲስተር ዘሐራ በትንሽ ለወጠችለት፤ ከአፍንጫ ሥር ብቻ የምትቀመጥ፣ ቱቦዋ በአናት በኩል የምትወጣ። «በጎንም በደረትም ለሚተኛ ሰው ይቺ ትሻላለች፤ ብቻ ትራስዎ ቦታ ይስጣት» አለችው። እውነትም ትሻላለች፤ ግን ይመኑ ሲደፋ እሷም ተንሸራታ ጉንጩ ላይ ወጣች።

«ምነው ማስኬ?» አላት። ማስኳ፣ «ትራሱ ይገፋኛል። ትራሱ ቦታ ካልሰጠኝ አልቀመጥም» አለች።

ይመኑ ወደ ትራሱ ሄደ። ትራሱ የሠርጋቸው ነው፤ ሚስቱ ትርንጎ በልጃገረድነቷ ጥጥ ጠቅጥቃ የሞላችው፣ ሁለት ወፎችና «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ የጠለፈችበት። ሌላ ትራስ አይገዛም ወይ የሚል አይጠፋም። ገዝቷል፤ የስፖንጁ ትራስ ጭንቅላቱን ዋጥ ሲያደርግ ማስኳንም አብሮ ዋጣት። ስለዚህ የሠርጉን ትራስ ለመነ፤ «ትራስ ሆይ፣ ለማስኳ ቦታ ስጣት። ማስኳ አልቀመጥም አለች፤ እንቅልፍም አልመጣም አለ።» ትራሱ፣ «ጥጤ ድንጋይ ሆኗል። መቀስ ጎኔን ካልቀደደኝ ቦታ አልሰጥም» አለ።

ይመኑ ወደ መቀሱ ሄደ። «መቀስ ሆይ፣ ትራሱን ቅደድልኝ። ትራሱ ቦታ አልሰጥም አለ፤ ማስኳ አልቀመጥም አለች፤ እንቅልፍም አልመጣም አለ።» መቀሱ፣ «አንተ ገመድ እንጂ ጥልፍ አታውቅም። ወፎቹን ብትቆርጣቸው ማን ይመልሳቸዋል? የጠለፈው እጅ ካልያዘኝ አልቀድም» አለ። ይመኑ የገዛ እጁን አየና መቀሱ እውነቱን መሆኑን አመነ።

ትርንጎ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ይመኑ መቀሱን ይዞ እጇ ዘንድ ቀረበ። «እጅ ሆይ፣ መቀሱን ያዝልኝ። መቀሱ አልቀድም አለ፤ ትራሱ ቦታ አልሰጥም አለ፤ ማስኳ አልቀመጥም አለች፤ እንቅልፍም አልመጣም አለ።» እጇ፣ «አታየኝም? ጠጠሩን ትቼ ምስሩን ነው የምጥለው። ዓይን ካልመራኝ አልይዝም» አለ።

ይመኑ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። «ዓይን ሆይ፣ እጅን ምራልኝ። እጅ አልይዝም አለ፤ መቀሱ አልቀድም አለ፤ ትራሱ ቦታ አልሰጥም አለ፤ ማስኳ አልቀመጥም አለች፤ እንቅልፍም አልመጣም አለ።» ዓይኗ ቀልቷል፤ ሥሩም ጠቁሯል። «አሸዋ የገባብኝ ያህል ይቆረቁረኛል። ስንት ዘመን ነው ተከድኜ ያላደርኩት። ጆሮ ካላስተኛኝ አልመራም» አለ። ይመኑ ደነገጠ። ያን ዓይን ከዚያ በፊት በደንብ ያየው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ቢሞክር አቃተው።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ጆሮ ሆይ፣ ዓይንን አስተኛልኝ። ዓይን አልመራም አለ፤ እጅ አልይዝም አለ፤ መቀሱ አልቀድም አለ፤ ትራሱ ቦታ አልሰጥም አለ፤ ማስኳ አልቀመጥም አለች፤ እንቅልፍም አልመጣም አለ።» ጆሮዋ፣ «የይመኑን ትንፋሽ ሳይቆራረጥ ካልሰማሁ ዓይንን አላስተኛም» አለ።

ጉድ አትሉም? ትንፋሹ ማስኳን ይጠብቃል፤ ማስኳ ትራሱን፤ ትራሱ መቀሱን፤ መቀሱ እጅን፤ እጅ ዓይንን፤ ዓይን ጆሮን፤ ጆሮ መልሶ ትንፋሹን። ይመኑ ከዚህ በኋላ የሚሄድበት ሌላ ደጅ አጣ፤ ዞሮ ዞሮ የቆመው የራሱ ደጅ ላይ ነው።

መቼም ለሰው ጆሮ ያወራ ሰው ለጆሮው ባለቤት መናገሩ ነውና፣ ትርንጎ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ሌሊት አትተኚም እንዴ?» አላት።

«እተኛለሁ። ትንፋሽህ ሲቆም እነቃለሁ።»

«እና ምን ታደርጊያለሽ?»

«አለህ? እልሃለሁ። ዝም ካልክ በክርኔ ነካ አደርግሃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራጋውን ከቀበርን ጀምሮ።»

ይመኑ አፈረ። እሱ የጭነቱ ገመድ የቀረ መስሎት ሲኖር፣ ገመዱን እሷ ይዛለት ኖራለች።

«ተነሺ» አላት። «አሁን አንቺ ትተኛለሽ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። ነቅቼ ሳለሁ ትንፋሼ አይቆምም።»

«በጠራራ ፀሐይ? ምስሩስ?»

«ምስሩን እኔ እለቅመዋለሁ።»

«አንተ?» አለችና ፈገግ አለች፤ ግን ተነሳች።

አልጋው ላይ ጋደም አለች። ይመኑ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ከራስጌዋ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን እንደከደነች፣ «አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

ምስሩ ሰፌዱ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል። «አለህ?» አለች ደግሞ፣ ድምፅዋ ደከም ብሎ።

«አለሁ፣ ትርንጎዬ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ይመኑ ግን ትንፋሿን መስማቱን አላቆመም። አንድ ጊዜ ዘግየት ያለ ሲመስለው ሰፌዱን ይዞ ብድግ አለ። ደህና ነበረች። ያን ጊዜ ነው ይህች ሴት እነዚያን ሁሉ ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፈቻቸው የገባው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነቃች። ምስሩ ከነጠጠሩ ነበር፤ እሱን ተዉት። ጆሮ ዓይንን አስተኝቷል። ስለዚህ ዓይን እጅን መራ፤ እጅ መቀሱን ያዘ፤ መቀሱ ወፎቹን ሳይነካ ትራሱን በጎኑ ቀደደ፤ ትርንጎ ጥጡን በጭብጥ በጭብጥ እያወጣች ጎኑን አጎደጎደችውና መልሳ ሰፋችው፤ ትራሱ ቦታ ሰጠ፤ ማስኳም ከይመኑ አፍንጫ ሥር ተቀመጠች፣ ቢደፋም አልሸሸችም። እንቅልፍ ደግሞ ሌላ ምክንያት አጣና መጣ።

ሊወስደው ሲል ከሩቅ፣ «አለህ?» የሚል ድምፅ ሰማ። አለሁ ሊላት ፈለገ፤ አፉ አልታዘዝ አለው። እጇ መጥቶ ጀርባው ላይ አረፈ። ጀርባው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፤ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። እጇ ጥቂት ቆየና ተነሳ፤ ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የይመኑም ጣቶች ገመዱን ለቀቁ።

እኔም ድምፄን ልቀንስ። ሁለት ሰዎች ተኝተዋል።