የለኝም ያለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበረ። ኧረ አትቁነጥነጥ ሀብተ ማርያም! «የኔታ፣ ስሜ ላይ ያለው ሀብት የሚለው ቃል ምን ማለት ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እሱኑ ነው የምነግርህ።

ይህ ሰው ሦስት ጉድጓድ ሙሉ ገብስ ነበረው። ክረምት ሲገባ አንድ ገበሬ መጣና «ጌታዬ፣ ለዘር የምትሆነኝ አንድ ቁና ይስጡኝ» አለው። ሀብታሙም ሁላችንም እንደምንለው «የለኝም» አለ። ቀላል ቃል ናት፤ ትላታለህ፣ ለማኙ ይሄዳል፣ አለቀ።

በማግስቱ ጉድጓዶቹን ቢያስከፍት ሦስቱም ባዶ ናቸው። ክዳናቸው እስኪከፈት ድረስ እንደተመረገ ነበር፤ የአይጥ ቀዳዳ እንኳ የለም። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ቢጣራ የገዛ ድምፁ አልተመለሰለትም። «ሌባ!» እያለ ሰፈሩን አመሰው።

በሳምንቱ አንዲት ሴት እያለቀሰች መጣች። እህቷ ምጥ ጠንቶባት ሐኪም ዘንድ የምታደርስበት በቅሎ ለመነችው። «በቅሎ የለኝም» አላት። በቅሎዋ ከጀርባው ገለባ ስታላምጥ ይሰማ ነበር። ማላመጡ ቀጥ አለ። ዞር ቢል ገመዱ ከነቋጠሮው መሬት ላይ ወድቋል፤ በረቱ እንደተዘጋ ነው፤ የኮቴ ዱካም የለም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ፈራ፤ እንዴት አይፈራ! ሁለተኛ ያቺን ቃል ላልናገር ብሎ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ቤቱ ተቀመጠ።

አንድ ጎረቤቱ ከደጅ ተጣራ። «ጋሼ፣ እናቴ አልጋ ይዛለች። መድኃኒት ይዤ እስክመለስ ውሃ የምታቀብላት ሰው አጣሁ። ልጅዎን ይላኩልኝ።»

አንድ ልጁ ጓዳ ውስጥ ጥጥ ትፈትል ነበር። ሰውየው ጋቢውን ከአፉ አወረደ። እሺ ሊል ነበር፤ በእመቤቴ እሺ ሊል ነበር! ግን አፉ ለምዷል።

«የምልካት ልጅ የለኝም» አለ።

ጓዳ ውስጥ እንዝርቱ ወደቀ። ስሟን ቢጠራ፣ ቢጠራ፣ ማን ይመልስለት።

እንግዲህ ሀብተ ማርያም፣ በግእዝ ወሀበ ማለት ሰጠ ነው፤ ሀብትም ስጦታ ነው። አንተም የማርያም ስጦታ ነህ። ያ ሰው የተሰጠውን ይዞ የለኝም አለ፤ እንዳለውም ሆነለት። አንተስ ከእሱ በምን ትለያለህ? ትናንት ያ የታመመው ጓደኛህ ለምነህ አኩፋዳህ ውስጥ ከያዝከው ቁራሽ ቢጠይቅህ ምን አልኸው? ሰምቻለሁ፤ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልደከመም።

ምነው፣ አኩፋዳህን ለመክፈት ፈራህ?