ሲሶ በሬ

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ዳርቻ፣ ከመስጂዱ ቁልቁል፣ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ፣ የሰፈሩን ውርስ የሚያካፍሉ አራሽ አዛውንት ነበሩ። ያላቸው አንድ በሬ ነው። በየዓመቱ ከጎረቤታቸው በሬ ጋር እያቀናጁ ተራ በተራ ያርሱ ነበር። ጎረቤትየው ሞቱ። ሰደቃው ካበቃ በኋላ ልጃቸው ሙህዬ መጣ።

"ሸሕዬ፣ መሬቱን ከእህቴ ከዘሃራ ጋር ተካፍለናል። የቀረው በሬው ነው። ለእኔ ሁለት እጅ፣ ለእሷ አንድ እጅ ነው ይላል ሸሪዓው። ሲሶ በሬ ምን ይሠራላታል? ሲሶ በሬ ይራመዳል? የሙህዬ ነው ይበሉና ነገውኑ እናቀናጅ።"

"ካላልኩስ?"

"በሬዬ ከበረት አይወጣም።"

ሌላው ገበሬ ሁሉ ተቀናጅቶ አልቋል። ሰማዩ ጠቁሯል። ሸህ ቡሽራ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደጅ ወጥተው ደመናውን ያያሉ። በመቁጠሪያ ተስቢሕ ሲያደርጉ እንኳ ቁጥሩ ይጠፋቸዋል። የሙህዬ ነው ቢሉ ማሳቸው ይታረስ ነበር። ከቀትር በኋላ፣ ዐስር ሰላት ሰግደው ሲያበቁ ግን ሙህዬን አስጠርተው "ሲሶው የዘሃራ ነው" አሉት። ሳይሰናበት ሄደ።

ዝናቡ ጣለ። የሰው ማሳ ሲታረስ የእሳቸው ሣር አበቀለ። ዘሃራ መጣች።

"ሸሕዬ፣ በኔ ምክንያት ጦም ሊያድሩ ነው። ድርሻዬን ትቼለታለሁ።"

"ወደሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?"

ዘሃራ ወደ ወንድሟ ቤት ዞራ አየች።

"እንግዲያው አልተውሽውም" አሉና እንደገና ወደ ሰማዩ አንጋጠጡ።

በመጨረሻ ሙህዬ በሬውን እየነዳ መጣ። የእሱንም ማሳ አረም ወርሶታል።

"ምነው፣ በሬው ሙሉ አልነበረም?" አሉት።

"ምን ዋጋ አለው ሸሕዬ። ያለ አቻው ግማሽ ነው።"

"ግማሽ መኖሩን ካወቅህ ሲሶም መኖሩን እወቅ። የእናንተ ተራ ሲደርስ ሁለት ቀን ያንተን፣ አንድ ቀን የዘሃራን ያርሳል።"

ሙህዬ አንገቱን ደፍቶ ቀንበሩን አነሳ።

የዚያ ዓመት የሸህ ቡሽራ አዝመራ ዘግይቶ ሳሳ። "ቆጨዎት ወይ?" ሲሏቸው እንዲህ አሉ፦ "ሲሶ ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም።"

ቁጥር ሁሉ አንድ፣ ሁለት ተብሎ በጣት የሚቆጠር ይመስለናል። አላህ ግን የውርስን ሐቅ በግማሽ፣ በሲሶ፣ በስምንተኛ እጅም ደነገገው። እኛ ለጣታችን ያልተመቸውን ባዶ ነው ብለን እናልፋለን፤ የምናልፈውም ሁልጊዜ የሌላውን ሰው ድርሻ ነው። በሬ በቁሙ አይከፈልም፤ ድካሙ ግን ይከፈላል። ሥራ በብናኝ ክብደት በሚመዘንበት የፍርድ ቀን፣ ሲሶ ብዙ ነው።