ለክቡር አስተዳዳሪው የቀረበ ምስጋና

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ የተራራውን ደን ለጣውላ ነጋዴዎች እየሰጡ ጨረሱት። በአካባቢው የደን ጥበቃ ማኅበር ውስጥ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ የምትተዳደር አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። በችግኝ ተከላው በዓል ዋዜማ አስጠሯትና፣ «ነገ ስለ ደኑ ስትናገሪ በሕዝብ ፊት ታመሰግኚኛለሽ። ‹ተቆረጠ› የምትል ቃል ካፍሽ ከወጣች ማኅበራችሁ ይዘጋል» አሏት።

«እሺ ክቡርነትዎ፣ አትወጣም» አለች።

በማግስቱ ድምፅ ማጉያውን ይዛ፣ «ወገኖቼ፣ ዱሮ በዚህ ደን ውስጥ ከብትም ሰውም ይጠፋ ነበር። ክቡር አስተዳዳሪያችን ከተሾሙ ወዲህ ግን፣ ምስጋና ለእሳቸው ይሁንና፣ እዚህ ጫፍ የቆመ ሰው እዚያኛው ጫፍ ያለችውን ፍየል ከነቀንዷ ያያታል» አለች።

ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት አስተዳዳሪው ነበሩ።