የጋሽ ሽብሩ ቤት ሦስት ገዢዎች

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ላይ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ሽብሩ የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ኋላ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ሽብሩ ልጅ አልነበረውም። ሲሞት ያለችውን ሁለት ክፍል ቤት ለታናሽ እህቱ ለየውብዳር ተናዘዘ። የውብዳር የምትኖረው አሰበ ተፈሪ ነው። ወንድሟ ታሞ በተኛበት ጊዜ እሷም ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ስለነበረች አላስታመመችውም፤ ቀብሩም ላይ አልደረሰችም። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጧን ይወጋታል። በምርኩዝ መራመድ ስትጀምር አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች፤ ቁልፉን ከእድሩ ዳኛ ተቀብላም የወንድሟን በር ከፈተች።

ቤቱ አቧራ ለብሷል። ግድግዳው ላይ የሽብሩ ኮፍያ ተሰቅሏል። የውብዳር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ መጥረጊያ ፈልጋ ቤቱን ጠረገች።

ድሬ ልትኖር አትችልም። ሙቀቱ አይስማማትም፤ ልጆቿም የልጅ ልጆቿም ያሉት አሰበ ተፈሪ ነው። ሰው የማይገባበት ቤት ደግሞ ውሎ ሳያድር ይፈርሳል። ስለዚህ ለመሸጥ ቆረጠች። ደላላው መጀመሪያ አንድ ነጋዴ ይዞ መጣ። ነጋዴው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና «ይሄማ ይፈርሳል፤ መጋዘን እናቆምበታለን» አለ።

የውብዳር በምርኩዟ ወደ በሩ አመለከተችው። «ለሚኖርበት ሰው ነው የምሸጠው» አለች።

ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ከዚያ በኋላ ቤቱን እንፈልጋለን ብለው ሦስት ሰዎች መጡ። ሦስቱም የሚከፍሉት እኩል ነው፤ በዋጋ የሚለያቸው ነገር አልነበረም።

ቀድማ የመጣችው አረጋሽ ናት። አረጋሽ የሽብሩ ሚስት ነበረች፤ ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቀጥ ያለው አቋቋሟ ግን ያው ነው።

«ግቢ አትይኝም የውብዳር?»

«ውይ በሞትኩት! ግቢ እንጂ፣ ግቢ።»

አረጋሽ አልተቀመጠችም። ሳሎኑ መሃል ቆማ ጠበቀች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ መጣ፤ በበሩ ገብቶ በጓዳው መስኮት ወጣ። ያኔ ፈገግ አለች።

«ግንበኛው በሩን ወደ መንገዱ ሊያደርገው ነበር። ተጣልቼ ነው ወደ ነፋሱ ያስዞርኩት። ሽብሩ አሸዋውን ከወንዙ ያወጣል፤ እኔ ድንጋዩን በጀርባዬ። ጭቃውን የረገጥኩት በዚህ እግሬ ነው።»

የውብዳር ቤቱ እንዴት እንደተሠራ አታውቅም ነበር። ትዳሩ እንዴት እንደፈረሰ ግን ታውቃለች። አረጋሽ ሳትወልድ ስትቀር የሽብሩ ዘመዶች ነገር ጀመሩ። «ወንድሜን ያለ ዘር ልታስቀሪው ነው?» ብላ ሰው በተሰበሰበበት የተናገረችው ደግሞ ራሷ የውብዳር ናት። አረጋሽ ብዙም ሳትቆይ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወጣች። ድርሻዬ አላለች፤ ሽማግሌ አልላከች። ሽብሩም ሌላ ሚስት አላገባም።

«እስከ ዛሬ በሰው ቤት ተከራይቼ ኖርኩ» አለች አረጋሽ። «አሁን ያለኝን ሁሉ ሸጬ፣ ለቃቅሜ መጣሁ። የሠራሁት ቤት ውስጥ ልሙት። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

የውብዳር ምላሷ ላይ «ያንቺ ነው» የሚል ቃል መጥቶ ነበር። ነገር ግን ለሌሎቹም ቀጠሮ ሰጥታለችና ዋጠችው።

በማግስቱ ሩቂያ መጣች። ሩቂያ ከሽብሩ ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ሴቶች ልጆቿን ልብስ እየሰፋች የምታሳድግ።

«እትዬ፣ አላህ ጨርሶ ያሽርሽ» ብላ ገባችና፣ እጇን ልስኑ ከሌላው ወደተለየበት የግድግዳው ክፍል ዘረጋች። «ይቺ የኔ ሥራ ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክረምት፣ አመሻሽ ላይ፣ ድሬ ጠብታ ሳይጥልባት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞልቶ መጣ። ሩቂያ ልጆቿን ወደ ከፍታው አወጣች። ስትመለስ ውሃው ደጃፏን አልፏል። የቀራት ጊዜ አንዴ ገብቶ ለመውጣት ብቻ ይበቃ ይሆናል። ውስጥ የልብስ ስፌት መኪናዋ አለ፤ የልጆቿ እንጀራ። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሽብሩ ወባ ጥሎት ተኝቷል፤ ደጁን ጎርፉ ያመጣው ግንድ ዘግቶበታል። ሩቂያ ዘነዘናዋን አነሣችና ግድግዳውን ደበደበችው። ሲበሳላት እጁን ይዛ ጎተተችው፤ ተሸክማም አወጣችው። ዞር ብላ ስታይ ቤቷም መኪናዋም የሉም። ዛሬ ቦታው ራሱ ወንዝ ሆኗል።

«እንዴት እንጀራሽን ጥለሽ እሱን?» አለቻት የውብዳር።

«እትዬ፣ መኪና አይጣራም። እሱ ይጣራ ነበር።»

ሽብሩ ከዳነ በኋላ ሳሎኑን ለእሷና ለልጆቿ ለቆላቸው ነበር። ግን የሰፈር አፍ ዝም አይልም። ባል የሌላት ሴት ከብቸኛ ወንድ ቤት ምን ትሠራለች ተባለ። ልጆቿ በሐሜት እንዳይጎዱ ሩቂያ ወጣች፤ ያኔ የጀመረችው የኪራይ ቤት መዞር አሁንም አላበቃም።

«ልጆቼ ዛሬም ቤታችን የሚሉት የሌለውን ቤት ነው» አለች። «ከዚያ ቤት የቀረው ይሄ ግድግዳ ብቻ ነው። ሽጪልኝ፤ ከሥሩ ይደጉ።»

የውብዳር ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስል አደረች። ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ሦስተኛው ኢሳያስ ነው፤ ጎልማሳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። በፊት የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሽብሩ ደግሞ ጓዳውን አከራይቶት ነበር። ሽብሩ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ኢሳያስ ጭነት ሊያነሣ በተዘጋጀበት ማለዳ ነው። ኢሳያስ ቁልፉን ለመኪናው ባለቤት መለሰ፤ መኪናውም ለሌላ ሾፌር ተሰጠ። ያጫት ልጅ ጠበቀችው፣ ጠበቀችው፤ ሲሰለቻት ሌላ አገባች። እሱ ግን ሽብሩን እንደ ሕፃን እያጠበ፣ እያጎረሰ፣ ጎኑ እንዳይቆስል እያገላበጠ እስከ መጨረሻው ቆየ። ዓይኑን የከደነውም እሱ ነው። ከቀብሩ መልስ ቁልፉን ለእድሩ ዳኛ አስረክቦ ወጣ።

«ልጄ፣ ዘመድህ እንኳ አይደለም» አለችው።

«ከጅቡቲ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፣ እትዬ። 'ልጄ፣ ገባህ?' ይለኛል። ከእሱ በፊት ገባህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የምመለስበት ቤት ይሄ ብቻ ነው።»

የውብዳር የፈራችውን ጥያቄ ጠየቀች። «እኔን… አልተቀየመኝም?»

«አንደበቱ ገና ሳይያዝ መውደቅዎን ነግሬው ነበር። 'እህቴ ብትችል ኖሮ በክንፍ ትመጣ ነበር' አለ።»

የውብዳር ምርኩዟን ጥላ አለቀሰች። ኢሳያስ ምርኩዙን አንሥቶ እጇ ላይ አደረገላትና እስክትረጋጋ አጠገቧ ቆመ።

እንግዲህ ቤት ልትሸጥ መጥታ ወንድሟን አገኘችው። አሰበ ተፈሪ ሆና የማታውቀውን ሽብሩን፣ ሦስት ሰዎች በሦስት በኩል ይዘውላት መጡ። ቤቱ ግን አንድ ነው።

«አብራችሁ ኑሩበት» ልትላቸው አሰበች። ግን ሁለት ክፍል ለሩቂያ ልጆች ብቻ እንኳ አይበቃም፤ ላጤ ወንድ ሲጨመርበት ደግሞ ያን ሐሜት ዳግመኛ መጥራት ነው። የእድሩ ዳኛ «ዕጣ ይጣጣሉ፤ ያኔ ማንም አይቀየምሽም» ብለው መከሯት።

«ዕጣ የሚጣለው የማይታወቅ ነገር ሲሆን ነው» አለች። «እኔ እነዚህን ሰዎች አውቄያቸዋለሁ።»

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት። ሦስቱንም ጠራችና ደጅ፣ የኒም ዛፉ ሥር፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው። የእያንዳንዳቸውን ታሪክ በሌሎቹ ፊት ተናገረች፤ አላስረዘመችም፣ አላሳጠረችም። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«የራሳችሁን ስም ሳታነሡ ንገሩኝ። ቤቱ ለማን ይገባል?»

በልቧ፣ ሁለቱ የሚስማሙበት ሰው ከተገኘ እሱ ይግዛ ብላ ነበር።

አረጋሽ ቀድማ መለሰች። «ለሩቂያ። እኔ ሠርቼ ጥዬው ሄድኩ። እሷ እንጀራዋን ለጎርፍ ሰጥታ አወጣችው። በዚያች ምሽት እኔ የት ነበርኩ?»

ሩቂያ ራሷን ነቀነቀች። «ለኢሳያስ ነው የሚገባው። እኔ ያደረግሁት የአንድ ምሽት ነገር ነው፤ ማንም ሰው ደንግጦ ያደርገዋል። እሱ ግን በየማለዳው እየተነሣ፣ እያወቀ ነው ያደረገው።»

ኢሳያስ ወደ አረጋሽ ዞረ።

«ለእትዬ አረጋሽ» አለ። «ጋሼ አንደበቱ ከተያዘ በኋላ ጥርት አድርጎ የሚጠራው አንድ ስም ብቻ ነበር። ሳጥበው 'አረጋሽ' ይለኛል። ሳጎርሰው 'አረጋሽ' ይለኛል። እኔም 'አቤት' እለው ነበር።»

አረጋሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሩቂያ ጠጋ ብላ ጀርባዋን አቀፈች። ግን ማንም «እኔ ይቅርብኝ» ብሎ አልተነሣም፤ ሦስቱም ከዚያ በር ሌላ የሚገቡበት በር የላቸውምና።

የውብዳር አየቻቸው። ለአረጋሽ በአደባባይ የነጠቀቻት ክብር ዕዳ አለባት። ሩቂያ ባትኖር ወንድሟ ከጎርፉ በኋላ የኖረውን ዕድሜ ባልኖረ። ኢሳያስ ደግሞ እህት መገኘት በሚገባት ቦታ ተገኝቶላታል። ወደ አንዱ ስታዘነብል ሁለቱን የምትበድል ይመስላታል። ወደ አሰበ ተፈሪ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ይነሣል፤ ከዚያ በፊት መወሰን አለባት።

እዚህ ላይ ተራኪው ዝም ይላል፤ ተራው የእናንተ ነው። አንዷ ቤቱን ሠራችለት፤ አንዷ ከሞት አወጣችው፤ አንዱ ሞቱን አለዘበለት። እናንተ በየውብዳር ቦታ ብትሆኑ ቤቱን ለማን ትሸጡት ነበር?